ሰባት ሰባቶች ያሉባት አምስት ብር

አቶ ወልደ ሰንበት በሰኔ መጨረሻ አንድ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታቸው ጓዳ ውስጥ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቧል፤ ፊታቸው እንቅልፍ የጣለው ሰው ፊት ነው። መስኮቱ ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ ዝናቡ ትራሱን ያርሰዋል። ጉንፋን የያዘው የሰባ አንድ ዓመት ሰው በዚያ ብርድ መስኮት ከፍቶ ይተኛል? ኢንስፔክተር የብርጓል ገና ከበሩ ሳታልፍ ዓይኗ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር።

ሟቹ ሠላሳ ዓመት የባንክ ገንዘብ ቆጣሪ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በመልስ የሚሰጣቸውን ብር ሁሉ ወደ ብርሃን አስጠግተው ቁጥሩን ማየት ልማድ ሆኖባቸዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ከባጃጅ ሲወርዱ አንዲት አምስት ብር ደረሰቻቸው፤ ቁጥሯ ሰባት ጊዜ ሰባት ነው። እንዲህ ያለውን ብር የሚሰበስቡ ሰዎች ዋጋውን ብዙ እጥፍ አድርገው ይገዙታል። አቶ ወልደ ሰንበት ሊሸጧት የፈለጉት ለሌላ አልነበረም፤ የባለቤታቸውን የወይዘሮ ሥራነሽን የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ ነው።

«ሰውዬው ተይዟል» አለ ሳጅን ዘመነ እጁን እያፋተገ። «ተከራያቸው፣ መምህር ይታያል የሚባለው ነው። ጠዋት ስለ ብሯ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ሻይ ያቀበላቸውም እሱ። ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት እናቆመዋለን።»

«ብሯስ?»

«ደብተራቸው ውስጥ አለች።»

«ታዲያ ምን ወሰደ?»

ሳጅኑ ጆሮውን አከከ።

የብርጓል የሟቹን እጅ አንሥታ አየች። የጥፍሮቹ ሥር ቀልቷል። መስኮቱ ሥር አንድ የረጠበ ጨርቅ ወድቋል፤ በመስኮቱ ክፍተት ተጠቅጥቆ የነበረ መሆኑ ያስታውቃል። ደጅ ደግሞ ሬሳውን ያገኘችው የልጅ ልጃቸው ሂዊ ነጠላ ብቻ ደርባ ዝናብ ላይ ቆማለች፤ ግቢ የሚላት እንኳ አልነበረም።

«ነይ ከዚህ፣ ሳምባሽን ልትታመሚ ነው?» አለቻት የብርጓል። «መስኮቱን ማን ከፈተው?»

«አላውቅም።»

«ጣቶችሽን ምን ነካቸው?»

ልጅቷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። «ድስት አቃጠለኝ።»

ሌላ አልጠየቀቻትም። ወደ ማድ ቤት ጎራ ብላ ግን ምድጃውን ዳሰሰች። አመዱ ቀዝቅዞ ደርቋል፤ ያን ቀን እዚያ ቤት ድስት አልተጣደም።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ይታያልን ጣቢያ አነጋገረችው። ማስተማር ከጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነው። አንዴ ስሙ በፍርድ ቤት ከጎደፈ መቼም ክፍል እንደማይገባ ያውቃል፤ ዓይኑ በልቅሶ ያበጠው ግን ለዚያ ብቻ አልነበረም።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«አዲስ አበባ ወስጄ ላሳይልዎት፣ ሰማንያ ሺህ አያጣም አልኳቸው። ብር ሰብሳቢው ፈሐድ የሚሰጠኝ ለሥራነሽ ዓይን ይበቃል አሉኝ። ጮህኩባቸው። እንደ አባት ያስጠጉኝን ሰው፣ ኢንስፔክተር፣ ጮህኩባቸው።»

«ሻዩስ?»

«ለጉንፋናቸው ዝንጅብል ነው፤ መብራት ሳይጠፋ ክፍሌ ውስጥ ያፈላሁት። ግማሹን ራሴ ጠጥቼዋለሁ።»

«እንበልና አንተ ብትወስዳት፣ ብሯን ምን ታደርጋት ነበር?»

«ምን አደርጋታለሁ? ላስቲክ ውስጥ ከትቼ ማስቀመጥ ነው! ጣትም አላስነካት።»

ከሰዓት በኋላ ገዢው ፈሐድ ከአጎራባቿ ከተማ ከይጁቤ መጣ። ባለ ሱቅ ነው፤ አሮጌና ልዩ ቁጥር ያለው ብር ይሰበስባል። መነጽሩን አድርጎ ብሯን ገልብጦ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ቁጥሯ ያው ነው። ብሯ ግን ያቺ አይደለችም።»

«ይኸው!» አለ ሳጅን ዘመነ ብድግ ብሎ። «ተከራዩ አስመስሎ አሠርቶ ለውጧታል!»

«ተቀመጥ እስቲ። ያቺኛዋ ምን ትመስል ነበር፣ አቶ ፈሐድ?»

«ጫፏ ላይ የዘይት ጣት አርፎባታል፤ መሐሏ አንዴ ታጥፏል። ወረቀቷ ግን ሕይወት ነበረው፤ ስትነካት ትንኮሻኮሻለች። አርባ ሺህ አልኳቸው። ንጹሕ ብትሆን፣ እጥፋትም ባይኖራት ስድሳ እሰጥ ነበር አልኩ።»

«ይህን ስትል ማን ማን ሰማ?»

«የቤቱ ሰው ሁሉ። ተከራዩ፣ ሂዊ፣ እማማ ሥራነሽ።»

«ይቺኛዋስ?»

«ይቺ እንደ ሻሽ ለስልሳለች። በሁለት ሺህም አልወስዳት።»

የብርጓል ብሯን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻት። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ጓሮ ከተቆለለው እንጨት ሥር የከሰል ካውያ አገኘች፤ በሆዱ አመድ እንደያዘ ነው። ካውያ የሚያውቅ ሰው አመዱን ሳይደፋ አያስቀምጠውም።

በሣልስቱ ጠዋት ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እንዳለ፣ የብርጓል አራት ሰው ብቻ ሳሎን አስገባች፤ ወይዘሮ ሥራነሽን፣ ሂዊን፣ ፈሐድን፣ ሳጅኑ ይዞት የመጣውን ይታያልን። ሂዊ በሩ ላይ ክንዷን ጨመደደቻት።

«እባክሽ፣ እማማ ፊት አይሁን!»

«እሱ ከሰዓት ችሎት ይቆማል» አለቻት የብርጓል ቀስ ብላ። «ምን ላድርግ፣ የኔ እናት?»

ገብታ ተቀመጠች። ብሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻት።

«ብሯ አልተለወጠችም። ሳሙና ሳሙና ትሸታለች፤ ታጥባ ተተኩሳለች። የዘይቱን ጣትና እጥፋቷን ያጠፋው ሰው ዋጋዋን ከፍ ያደረገ መስሎታል። ይታያልና ፈሐድ ግን ብር ከታጠበ እንደሚረክስ ያውቃሉ። ስለዚህ እነሱ አይደሉም። ሌባም አይደለም፤ መልሶ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጧታላ። የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምቶ የተሻለ የተመኘ ሰው ነው…»

«ያጠብኳትማ እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ ቀና ብለው። «ምን ነውር አለው? ለቤተ ክርስቲያን የማስገባውንስ ብር መቼ ሳላጥብ፣ ሳልተኩስ ሰጥቼ አውቃለሁ? ስድሳ ሲል ሰማሁ። ሲነቃ ላስደስተው ብዬ ነው።»

ሂዊ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«መብራት ጠፍቶ ነበር። በምን ተኮሷት፣ እማማ?» አለች የብርጓል።

«በከሰሉ ካውያ ነዋ፤ ፍሙን ከጎረቤት አምጥቼ። ውጭ ዝናብ፣ ሳሎን ይሄ ልጅ ፈተና ያርማል። እዚያው ጓዳ፣ ሳጥኑ ላይ።»

«ከዚያስ ካውያውን የት አደረጉት?»

«ከእግሩ ሥር ተውኩለት። እንዲያ ሲንቀጠቀጥ… ይሙቀው ብዬ። ነፋስ እንዳይገባ በሩን ገጥሜ ወደ ማኅበሬ…»

ድምፃቸው እዚያ ላይ ቀረ። ሞራ የለበሰው ዓይናቸው ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ዞረ።

«ማንደጃ ቢሆን እርስዎ ራስዎ አውጡ ብለው ይጮሁ ነበር» አለች የብርጓል። «ካውያን ግን እሳት ብሎ የሚቆጥረው የለም። መስኮቱ በጨርቅ ተደፍኗል፤ ከሰሉ አፈናቸው። የከሰል አፈና የገደለው ሰው ጥፍር ይቀላል፤ የሳቸውም ቀልቶ ነበር። ሂዊ ስትገባ ገባት። መስኮቱን ከፈተች፣ የጋለውን ካውያ በእጇ አንሥታ ደበቀች። እርስዎ እንዳያውቁ።»

«ይታያል ይታሰራል ብዬ አላሰብኩም» አለች ሂዊ እየተንሰቀሰቀች። «በኋላ ደግሞ መናገር አቃተኝ!»

ወይዘሮ ሥራነሽ ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

«ተሰቃይቷል?»

«እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ እማማ። እንደዚያው ሄዱ።»

«እኔን አትወስጅኝም?»

«ቃልዎን እጽፋለሁ። ገዳይ ብዬ የምጽፈው ሰው ግን የለኝም።»

«ብትወስጂኝ ይሻለኝ ነበር።»

እየዳበሱ ተነሥተው የሂዊን እጅ ፈለጉ፤ የተላጠውን ጣቷን አንድ በአንድ ነኩ። «ሦስት ቀን ይህን ብቻሽን ይዘሽ? አንቺ ልጅ፣ ቅባት እንኳ ሳታደርጊበት?» ከዚያ ወደ ይታያል ዞሩ። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ያዙት።

«አንተስ? እዚያ ምን አበሉህ?»

ይታያል እጃቸውን ስቦ ሳመ። የሂዊን ልቅሶ ሰምተው ከድንኳኑ የመጡት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ሁሉን አድምጠዋል። ሦስት ቀን ሙሉ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ሲሏቸው ሰንብተዋል፤ አሁን ግን ያን ቃል የሚደግም አንድ ሰው ታጣ።