ንፁህ ጎማ

«ታዲያ መንገዱ ክፍት ነው?» አለ ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ።

ቀጮ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጣብቃ ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች። ሰውየውና ሚስቱ ሻንጣ የተጫነባቸውን ብስክሌቶች ይዘው ከብረቱ በር ፊት ይጠብቃሉ። ከሰውየው ብስክሌት ኋላ ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ጋሪ ተቀጥላለች። ጋሪዋ ውስጥ ሦስት ዓመት የማይሞላት ልጅ አንዱን ጫማዋን አውልቃ ታገላብጠዋለች።

«ፊሽካ፣ ሄደሻል አልሄድሽም?» አለች ቀጮ በሹክሹክታ።

«ሄጃለሁ አልኩሽ እኮ! እስከ ድልድዩ ድረስ። ምንም የለውም። ክፈቺላቸው በቃ።»

ፊሽካ ይህ ስም የወጣላት በድምፅዋ ነው፤ እሷ ስትጮህ ክፍሉ በሙሉ ይዞራል። አሁን ግን ድምፅዋ ታፍኖ ከብርድ ልብስ ሥር የሚወጣ ይመስል ነበር። ቀጮ ይህን ልብ ብላለች። ቢሆንም ከቦርሳዋ አንድ ቢጫ ክብ ቆርቆሮ አውጥታ የበሩ ምሰሶ ላይ ካለው ሚስማር ሰቀለችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

«መልካም ጉዞ» አለቻቸው። ትንሿ ልጅ ከጋሪው ውስጥ በጫማዋ ቻው አለቻት።

መንገዱ ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ሐዲዱ ተነቅሎ ቀጭን አስፋልት ተነጥፎበት፣ ወንዙን ተከትሎ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። መኪና አይገባበትም፣ ሞተር አይገባበትም፣ የስልክ ኔትወርክም አይገባበትም። ከሩቅ ብስክሌት ጭነው የሚመጡ ሰዎች የሚወዱትም ይህንኑ ጸጥታ ነው። ግን ዝናብ ሲጥል ኮረብታው ይናዳል። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ ሰው ከላይኛው በር፣ አንድ ሰው ከታችኛው በር ይነሳና መሃል ካለው የብረት ድልድይ ላይ ይገናኛሉ። የላዩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ይሰጣል፣ የታቹ ቢጫ። ላይኛው በር ላይ ቢጫ ከተሰቀለ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በዓይን ታይቷል ማለት ነው። ቆርቆሮ ከሌለ በሩ አይከፈትም። ወረቀት የለው፣ ፊርማ የለው፤ ነገሩ በሙሉ የቆመው በዚያች ቆርቆሮ ላይ ነው።

የላይኛው በር ጠባቂ የቀጮ አባት ነው፣ የታችኛው የፊሽካ እናት። ቅዳሜና እሁድ ግን ፍተሻው የልጆቻቸው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ፊሽካ አንድ ዘዴ አመጣች። «ፈተና ደርሶ እኛ ፔዳል እንረግጣለን እንዴ? ከመሳቢያው አራት አራት ቆርቆሮ አንሥተን እንቀያየር። የሁለት ሳምንት ስንቅ!» ቀጮ ከት ብላ ሳቀች፣ ተቀያየረችም። ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም ቀን እስኪበቃቸው ተኙ፤ ምንም አልሆነም።

ትናንት ግን ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ ሲያወርደው አመሸ። ቀጮ ዛሬ ማለዳ ልትሄድ አስባ የሒሳብ ደብተሯን ስታገላብጥ ረፈደባት። ደግሞስ የላይኛው ግማሽ ድንጋያማ ነው፣ ተንዶ አያውቅም። የሚናደው ከድልድዩ ወዲያ ያለው የፊሽካ ግማሽ ነው። ፊሽካ ደግሞ ሄጃለሁ ብላለች። ቀጮ ለራሷ እንዲህ እያለች ወደ አባቷ መጠገኛ ቤት ገባች።

አባቷ አንድ የተጣመመ ቸርኬ ከማቆሚያው ላይ ሰቅሎ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየወጠረ ነበር። ጉልበቱ ከተጎዳ ወዲህ ብስክሌት መንዳት ትቷል፣ እጁ ግን ሥራ አልፈታም።

«ቢጫው ተሰቀለ?»

«ተሰቅሏል አባዬ።»

«ጎበዝ» አለ። ከደጃፉ የተደገፈውን ብስክሌቷን አየት አደረገና ወደ ቸርኬው ተመለሰ።

ደብተሯን እንደከፈተች ስልኳ ጮኸ። ፊሽካ ነበረች። «ስሚ፣ ያቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ እንዴት ነው የምት...» ሳትጨርስ ከኋላዋ የእናቷ ድምፅ መጣ፦ «አንቺ ልጅ! እስካሁን አልጋ ላይ ነሽ? ፀሐዩ እኮ አናት ሊበሳ ነው!»

ቀጮ ደብተሯን ዘጋች።

«አልሄድሽም» አለች።

«አታካብጂ በናትሽ! መቼ ነው ደግሞ የተናደው? አምና አንዴ...»

«ሕፃን ይዘዋል ፊሽካ። በጋሪ እየጎተቱ ነው የወጡት።»

ፊሽካ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለእማዬ እንዳትናገሪ። በሞቴ።»

«ተነሺና ከታች ነይ! አሁኑኑ!»

ቀጮ ብስክሌቷን ስትጎትት አባቷ ቀና አለ። «ሰዎቹ የረሱት ዕቃ አለ፣ ልድረስባቸው!» አለችው። የጠዋቱ ሁለተኛ ውሸቷ ነበረች፤ ከመጀመሪያዋ ይልቅ በቀላሉ ወጣችላት፣ ይኸው ደግሞ አስፈራት።

እንደዚያ ቀን ነድታ አታውቅም። እርጥቡ ቅጠል ከጎማዋ ሥር ይንሸራተታል፣ ጭቃው ጀርባዋ ላይ ይረጫል። ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል፤ ጩኸቱ የደወሏን ድምፅ ይውጠዋል። ድልድዩ ላይ ይሆናሉ፣ ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ ፎቶ ይነሳል እያለች ራሷን አጽናናች። ድልድዩ ላይ ማንም አልነበረም። የጋሪዋ ሁለት የጎማ መስመር በጭቃው ላይ ወደ ቁልቁለቱ አልፏል።

«ቁሙ!» ብላ ጮኸች። ማን ይስማት። እንባዋ ዓይኗን ጋረደው፣ ፍሬኑን ግን አልነካችም።

መጀመሪያ ያየችው ሴትየዋን ነው። በእግሯ ሽቅብ እየመጣች መንገዱን ግራና ቀኝ ትቃኛለች።

«ትንሽ ጫማ አላየሽም?» አለች ሴትየዋ እየሳቀች። «ወርውራው ነው። አምጡልኝ ብላ አገር ይያዝልኝ አለች!»

ከሴትየዋ ኋላ ሰውየው ጋሪውን ይዞ ቆሟል። ከእሱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወዲያ መንገዱ ይታጠፋል። ቀጮ ብስክሌቷን ጥላ ወደ መታጠፊያው ሮጠች።

ከመታጠፊያው በኋላ የመንገዱ ግማሽ የለም። አስፋልቱ እንደ ተገመጠ ዳቦ ተቆርሷል፤ ከሥሩ ቀይ አፈር፣ ከአፈሩ ሥር ወንዙ። ሰውየው ተከትሏት መጣ። አየ፤ ከዚያ ዞሮ ጋሪውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«መንገዱ ጠዋት አልታየም እንዴ?» አለ በቀስታ።

በዚያው ቅጽበት ከተቆረሰው ወዲያ ማዶ ፊሽካ ደረሰች። የሌሊት ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ጉድጓዱን ስታይ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ሰውየውን አየች፣ ቀጮንም አየች፤ በዚያ በምትታወቅበት ድምፅዋም ጮኸች፦

«አሁን ነው የተናደው! እኛ ካለፍን በኋላ ነው!»

ሰውየው ወደ ቀጮ ዞረ። ቀጮ ዓይኗን ወደ ጋሪው መለሰች። «እንመለስ» አለች።

ሲመለሱ ጫማውን ድልድዩ አጠገብ አገኙት። በሩ ላይ ሲደርሱ ሴትየዋ የቀጮን አባት እጅ ጨብጣ አልለቅ አለች። «ልጅዎ ባትደርስልን ኖሮ!» አለች። «አፈሩ ገና መናዱ ነበር አሉ። እንዴት ያለች ልጅ ነው ያሳደጉት!» ትንሿ ልጅም ሁሉም ሲያመሰግን አይታ ቀጮን እግሯ ላይ ጥምጥም አለችባት። ቀጮ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት።

እንግዶቹ ሄዱ። አባቷ ቀዩን «ዝግ ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ሲመለስ ቀጮ ቢጫውን ቆርቆሮ ከሚስማሩ አውርዳ ጠበቀችው። መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቸርኬው አጠገብ አኖረችለት። ከቦርሳዋ የቀረችዋን አንዷን አወጣችና ከመጀመሪያዋ ጎን አስቀመጠች።

«ከድልድዩ አላመጣሁትም» አለች። «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ነው። እነሱንም ያቆማቸው የሕፃኗ ጫማ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

አባቷ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ሁለቱን ቆርቆሮዎች ሲያይ ቆየና «ጎማሽን አይቼው ነበር» አለ።

«እ?»

«ጠዋት። ያን ሁሉ ዝናብ ዘንቦ ጎማሽ ላይ አንድ ጠብታ ጭቃ የለም። ልጠይቅሽ አልኩና፣ ልጄ ናት፣ ቢጫውም ተሰቅሏል ብዬ ተውኩት።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። አባቷ እስክትጨርስ ጠበቃትና የመጠገኛ ቤቱን ስልክ አነሳ። መንገዱን ለሚያስተዳድረው ቢሮ መደወል ግዴታው ነው።

«ሳላረጋግጥ ከፈትኩ እላቸዋለሁ» አለ። «የበሩ ጠባቂ እኔ ነኝ። አንቺ ሰኞ ፈተና አለብሽ።»

«ከሥራ ያነሱሃል እኮ!»

«ይሆናል።»

ቀጮ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። የራሷን ስልክ አውጥታ ለፊሽካ ጻፈች፦ «የራሴን ልናገር ነው። ያንቺን ለእናትሽ አንቺው ንገሪ።» ከዚያ እጇን ወደ አባቷ ዘረጋች።

«ስጠኝ። የሰቀልኩት እኔ ነኝ።»

አባቷ ብዙ አያት። ቁጥሩን ደወለና ስልኩን ሰጣት። አንድ ጊዜ ጠራ፣ ሁለት ጊዜ ጠራ።

«ሃሎ?» አለ አንድ የማታውቀው ድምፅ።

«ከላይኛው በር ነው» አለች ቀጮ።