ሆን ብሎ የተሸነፈው ማነው?

መጀመሪያ ሲተዋወቁ ፊቱ በንዴት በርበሬ መስሎ ነበር። ሌላው ሰው ፍቅርን በፈገግታ ይጀምራል፤ እሱ ግን ጆይስቲክ ወርውሮ ጀመረ።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ከሥራ ስትወጣ ከሱቋ ፊት ለፊት ያለው ጌም ቤት ገብታ የቦክስ ጌም ትጫወታለች። እሱ ደግሞ መኪና መንዳት ያስተምራል። ተማሪዎቹ «ፍሬን» ይሉታል፤ እነሱ አደጋውን ሳያዩት የእሱ እግር ፍሬኑ ላይ ነውና። ያን ቀን አራት ጊዜ በተከታታይ በዝረራ አሸነፈችው።

«እንደገና!» አላት።

«አልበቃህም?»

«እንደገና አልኩ እኮ!»

አምስተኛውንም ወሰደች።

«ይሄ ጆይስቲክ አይሠራም!» ብሎ ሶፋው ላይ ወረወረው።

«እንቀያየር» አለችው። ተቀያየሩ። በዚያው በማይሠራው ጆይስቲክ ደግማ ዘረረችው።

ልትሄድ ስትነሳ ማነከሷን አየ። ግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ፣ ፊቱን ለስለስ ያደርጋል። ያንን ፊት ጠበቀች...

«ወዴት ነው?» ብሎ ጮኸባት። «አሸንፎ መሄድ የለም! ነገ እዚሁ፣ በዚሁ ሰዓት!»

ቤቷ እስክትደርስ ብቻዋን ሳቀች። ልጅ ሆና የአጎቷ ልጆች ሩጫ ሲገጥሟት መጨረሻው ላይ ሆን ብለው ይወድቁላት ነበር። እሷ ታልፋለች፣ እነሱ ያጨበጭባሉ። ያንን ጭብጨባ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። በእሷ ተሸንፎ ከልቡ የተናደደ ሰው ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እንዴት አትወደው?

ሁለት ዓመት ሙሉ በእናቷ ቤት፣ ጀርባው በተነፋው አሮጌ ቴሌቪዥን ተጫወቱ። እሱ አልፎ አልፎ ቢቀናው ነው እንጂ ሁሌ የምታሸንፈው እሷ ነበረች። ቀለበት ያደረገላት ቀን አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ማልልኝ። በምንም ነገር ሆን ብለህ እንዳትሸነፍልኝ።»

«እኔ? መሸነፍ የምወድ እመስላለሁ?» ብሎ ማለላት።

ሠርጉ ወር ሲቀረው ግድግዳውን የሚሞላ አዲስ ቴሌቪዥን ተሸክሞ መጣ። «ለቤታችን!» አለ ላቡን እየጠረገ። ቴሌቪዥኑ እስከዚያው እናቷ ሳሎን ተቀመጠ፤ አሮጌው ተሰናበተ።

በዚያው ከሰዓት ተጫወቱ። ተሸነፈች። በማግስቱም ተሸነፈች። ቡጢው ሲመጣ ታያለች፣ ጎንበስ የሚያደርገውን ትጫናለች፣ ቡጢው ግን አገጯ ላይ አርፏል። ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ሆነ። የባሰባት ደግሞ አለመጨፈሩ ነው። በጎን በጎን ያያታል።

በስምንተኛው ቀን ጆይስቲኩን አስቀመጠች።

«ሁለት ዓመት ስትሸነፍልኝ ነበር አይደል?»

«ምን?»

«አታስመስል! ቀለበቱ ጣቴ ላይ ሲገባ ማዘንህ አለቀ?»

ብድግ አለ። «እኔ ነኝ የማስመስለው? አንቺ አይደለሽ እንዴ ሳምንት ሙሉ ሆን ብለሽ የምትሸነፊው? ቴሌቪዥን አመጣ፣ ደስ ይበለው ብለሽ! እንደ ሕፃን እያባበልሽኝ!»

«ውሸታም!»

«ውሸታምስ አንቺ!»

ቀለበቱን አውልቃ ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠችው። «ውሰድ።»

መጮህ ነበረበት፤ አልጮኸም።

«የሰጠሁትን አልቀበልም» አለ በቀስታ። በሩን እንኳ ሳያላጋ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለጠላት አይስጥ። ክር ይበጠሳል፣ መርፌ ይሰበራል፣ እሷም ከክሩ ብሳ ትበጠሳለች። የአንድ ደንበኛ ሱሪ ኪስ አፉን ዘግታ ስለሰፋችው ሰውየው እጁን ማስገቢያ አጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ጨዋታ ብለሽ ባል ትመልሻለሽ?» አሉ እናቷ።

«ጨዋታ አይደለም እማዬ! ሁለት ዓመት እንደ ምስኪን ሲያየኝ ነበር!»

«ማን? ያ ሰውዬ?» እናቷ ከሶፋው ላይ ትራስ አንስተው ታቀፉት። «ይሄን ትራሴን ያን ጊዜ ተሸንፎ በንዴት ቀዶብኝ አንቺው አይደለሽ የሰፋሽው? እያስመሰለ ትራስ የሚቀድ ሰው እኔ አላየሁም።»

ትራሱን ገልብጣ አየችው። ስፌቱ የራሷ ነው፤ ታውቀዋለች።

በማግስቱ ሥራ ላይ የስፌት መኪናዋ አመል አወጣ። ፔዳሉን ትረግጣለች፣ መርፌው ቆይቶ ይወርዳል። መዘውሩን የሚያዞረው ቺንጋ መላላቱን እግሯ ነገራት። ልታጠብቀው ጎንበስ እንዳለች ደርቃ ቀረች።

እሷ አላስመሰለችም። እሱም ካላስመሰለ... ሳሎን ውስጥ የቀረው ሦስተኛው ማነው?

ሱቁን ዘግታ እያነከሰች ወደ ቤት በረረች። ጌሙን ከፍታ ቡጢውን ተጫነች። መጀመሪያ አውራ ጣቷ፣ ከዚያ ቡጢው። ደገመችው። ጣት... ቡጢ።

«ለካ አንተ ነህ!» ብላ ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጠች። «አንተ ቀርፋፋ! ቤቴን ልታፈርስ!»

ለአንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ደወለች።

«አዲሶቹ ምስሉን አሳምረው ነው የሚያሳዩት» አላት። «ሲያሳምሩ ይዘገያሉ። ፊልም ስታዪ አይታወቅሽም፤ ጌም ላይ ግን ጉድ ይሠራሉ። ሴቲንግ ውስጥ ጌም ሞድ የሚል አለ፤ እሱን አብሪው።»

አበራችው። ጣቷና ቡጢው አንድ ላይ ሄዱ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባት። እሷ አይታ ነው የምትጫወተው። እሱ ግን ፍሬን አይደል? ሳያይ፣ ቀድሞ ይጫናል። በአሮጌው ያ ችኮላው መጫወቻዋ አድርጎት ነበር፤ በሚዘገየው ግን ልክ በሰዓቱ ይደርስለታል።

ደወለች። «ና።»

«አልመጣም!» ብሎ ዘጋባት። በሃያ ደቂቃ ደረሰ።

«ተናግረሽ ጨርሺ» አለ፤ ቆሞ ነው።

«ያጣላን ይሄ ቴሌቪዥን ነው። ይዘገይ ነበር፤ አሁን አስተካክዬዋለሁ። እኔን አትመን። ተቀመጥና ተጫወት።»

በመጀመሪያው ዙር ዘረረችው። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ጆሮው ቀላ።

«ይሄ ጆይስቲክ አይሠራም!»

«ትራሴን!» አሉ እናቷ ከጓዳ፤ ትራሱ ግን ግድግዳውን መትቶ ወድቋል።

እሷ ታለቅሳለች። «ተናደድክ?»

«አዎ ተናደድኩ!»

«ከልብህ?»

«ከልቤ ነው እንጂ! ማልልኝ አልሽ፣ ማልኩልሽ። ምን አድርጌ ነው ያላመንሽኝ?»

«ይቅርታ... ልጅ ሆኜ ሁሉም ሆን ብለው...»

«እኔ ሁሉም አይደለሁም!»

«አውቃለሁ። አሁን አውቃለሁ።»

ቁጣው ቀስ በቀስ ወረደ። «እኔም ውሸታም ብዬሻለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ይቅር በይኝ።»

ቀለበቱ ካስቀመጠችበት አልተነሳም ነበር። እጇን ዘረጋችለት። አነሳውና ቆም አለ።

«መጀመሪያ እንደገና! አሸንፌ ነው የማጠልቅልሽ!»

ያን ቀን ቀለበቱን ያጠለቀላት አሥራ አንድ ጊዜ ተሸንፎ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው።

በተቆረጠው ቀን ተጋቡ። የሠርጋቸው ፎቶ ከዚያው ቴሌቪዥን በላይ ተሰቅሏል። ሙሽሪት በሳቅ ፍርስ ብላለች፤ ሙሽራው ግንባሩን ቋጥሯል። እንግዳ ሁሉ «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ምንም አልሆነም። ያን ቀን ጠዋት ሦስት ለባዶ ተሸንፎ ነው።