በመጫኛ የታሰረ ሞተር

ስልኩ ሲጮህ ከማለዲን አቃቂ ጋራዡ ውስጥ፣ ከሰው መኪና ሥር ተንጋሎ ነበር። አባቱ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል፤ ቀብራቸውም የዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ ነው። የሙስሊም ቀብር ሩቅ ያለ ልጅን አይጠብቅም። እጁን እንኳ ሳይታጠብ እህቱን በድሪያን ጭኖ፣ አሮጌ ፒካፑን አስነሥቶ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አባቱ የበረሃ መንደር በረረ።

ሙያው የሞተርና የካምቢዮ ጎሚኒ መቀየር ነው። ጎሚኒ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር አቅፎ የሚይዝ፣ ንዝረቱን የሚውጥ ላስቲክ ነው። አዲሱ ከገበያ ሲጠፋ ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ቆርጦ በመሥራት የሚስተካከለው አልነበረም። የሰው ሁሉ መኪና ከእጁ ረግቶ ይወጣል፤ የራሱ ግን ዓመት ሙሉ ወባ እንደያዘው ሰው ስትንቀጠቀጥ ከርማለች። ደንበኞቹን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እያለ የሚገሥጸው ይኸው ሰው፣ አባቱ በደወሉ ቁጥር «ጎሚኒዋን ልቀይርና እመጣለሁ» ይላቸው ነበር። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ወረፋው አላልቅ ብሎት ነው።

አዋሽን ተሻግረው ከአስፋልቱ ሲወጡ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ግራሩ አለቀና የተሰነጠቀ መሬት ብቻ ቀረ። ከምሥራቅ የአቧራ ግድግዳ ተነሣ፤ ደርሶም ዋጣቸው። አሸዋው መስታወቱን ገረፈ። ከማለዲን መሪውን አንቆ ነዳ።

«ከማል፣ ቁም! አይታይህም እኮ!»

«ከቆምን ቀብሩ አለፈን!»

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ከአቧራው ውስጥ የግመል መንጋ ድንገት ተደቀነ። ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ቆመች፤ ሞተሩ ግን የበሰበሰ ጎሚኒውን በጥሶ ወደ ፊት ተወረወረና ራዲያተሩን በማራገቢያው ቀደደው። የፈላው ውሃ አሸዋው ላይ ተዘረገፈ።

ኮፈኑን ሊከፍት ሲወርድ አንድ አውራ ግመል አረፋ እየደፈቀ መጣበት። ተንከባሎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ግመሉ ኮፈኑን በእግሩ ደበደበ፤ በድሪያ ውስጥ ሆና ጮኸች። የመንጋው ባለቤት፣ አንድ የአፋር ሽማግሌ፣ በዱላ እየመቱ መለሱት።

«ወዴት ነው?»

«አባቴን ልቀብር።»

ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም። ከሌላ ግመል ጭነት ላይ መጫኛ ፈትተው ሰጡት።

አቧራው ሲያልፍ ሞተሩን በክሪክ አነሣና ከሻንሲው ጋር በመጫኛው ጠፈረው። የተጣመመውን ማራገቢያ አቃና፤ ቀዳዳውን በሳሙና ደፈነ። የመጠጥ ውሃቸውን በሙሉ ራዲያተሩ ጠጣው። ይህ ሁሉ ሁለት ሰዓት በላ።

ሲነሡ ደግሞ ካምቢዮው አልይዝ አለ፤ ሁለተኛ ማርሽ ባስገባ ቁጥር ይተፋዋል። በድሪያ ማርሹን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። መዳፏ ተላጠ፤ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ።

«አልለቅም፤ አንተ ንዳ ብቻ!»

መንደሩ ሲደርሱ ወንዶቹ የእጃቸውን አፈር እያራገፉ ከመቃብር ይመለሱ ነበር። በድሪያ ሴቶቹ ወዳሉበት ቤት፣ እሱ ወደ መቃብሩ ሮጡ። አባቱን ወደ ጉድጓድ ያወረዱት የሌላ ሰው እጆች ናቸው፤ ያ የእሱ የልጅየው ፋንታ ነበር። በዘይት በጠቆረ እጁ ሦስት ጊዜ አፈር ዘግኖ ጨመረ። ከዚያ መቃብሩ ሥር ተቀመጠ።

የአባቱ ጎረቤት ሼህ ሸኪብ ተከትለውት መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«አቅማችን እስከቻለ ጠበቅንህ ልጄ። አባትህ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር እየተነሣ በር ላይ ይቆም ነበር። ‹የልጄ መኪና ተበላሽታበታለች፣ ስትጠገን ይመጣል› ይለን ነበር። ዓመት ሙሉ! ብልሽቱ ይህን ያህል ከባድ ነበር?»

«ላስቲክ ነው» አለ ከማለዲን።

«ለመቀየር ስንት ቀን ይፈጃል?»

መዋሸት ይችል ነበር፤ እዚያ ስለ ጎሚኒ የሚያውቅ የለም። ለአባቱ የደረደረላቸው ሰበብ ግን በቃው።

«ሦስት ሰዓት» አለና መቃብሩ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።