ጫማውን ያላወለቀው አስጎብኚ

ሽፈራው የሞተው ራሱ በሚያስጎበኘው ጫካ ውስጥ፣ ምንጩ አፍ ላይ ነው። ገዳዩ በድንጋይ አንድ ጊዜ መትቶ አልበቃውም፤ ሰውዬው ከሞተ በኋላም ሲቀጠቅጠው ቆይቷል። የአጥንት ስባሪ ከሣሩ ውስጥ እየተለቀመ ነበር። የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ራኬብ እንዲህ ያለውን አደባደብ ታውቀዋለች። ሌባ እንዲህ አይመታም። እንዲህ የሚመታው የሚያውቅህ ሰው ነው።

ሟቹ በሥራ ቀን ዳውንታውን፣ መሀል ከተማው ውስጥ፣ ፓርኪንግ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ስደተኛውን ሐበሻ ሰብስቦ ስማይርና ከምትባለው የፈረንጅ ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ጫካ ያስጎበኛል። ግንደ ቆርቁርን በድምፁ ለይቶ ያሳያቸዋል፤ የፈረሰውን ወፍጮ ቤት ታሪክ ይተርክላቸዋል፤ ፖይዝን አይቪ የሚሉትን ባለ ሦስት ቅጠል ሐረግ እያመለከተ «ይኼን የነካ ሳምንቱን ሲያክ ይከርማል» ይላቸዋል። የጉዞው መጨረሻ ምንጩ ነው። የጥንት የአገሩ ሰዎች በሽተኛ ይፈውሱበት ነበር ብሎ ስለነገራቸው፣ ክርስቲያኖቹ እንደ ጸበል ቆጥረውት ጫማቸውን ከአፋፉ ላይ አውልቀው ነው የሚወርዱት። ጸበል ቦታ በጫማ መግባት ነውር ነዋ።

የዚያን ቅዳሜ ሰማዩ ስለጠቆረ የመጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ታክሲ ነጂው አብዱ፣ ደንዉዲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ቢሮ የሚያጸዳ ድርጅት ያለው አሸብር፣ የቅመም ሱቅ ባለቤቷ እትዬ አፀደ። ዶፉ ድንገት ሲወርድ ሁሉም በየፊናው ተጠለለ፤ ስለዚህ አንዱ ለሌላው መመስከር አይችልም። ሲያባራ እትዬ አፀደ ወደ ምንጩ ልትወርድ አፋፉ ላይ ብትደርስ፣ ከታች አብዱ የሽፈራውን ሬሳ ጭኑ ላይ አቅፎ፣ እስከ ክርኑ ደም ሆኖ አገኘችው። ጠዋት ደግሞ አብዱ ቅጠል ላይ ሲጋራ ጥሎ ሽፈራው ገፍትሮት ነበር። ከዚህ ወዲያ ማን ሌላ ይፈልጋል? የራኬብ አለቃም አልፈለገም። መንትያዎቹ ሕንፃዎች በሽብር ጥቃት ከወደቁ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ በዚያ ዘመን አብዱ የሚባል ሰው እጁ ላይ ደም ከተገኘበት ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

አብዱ ከእስር ክፍሉ ሆኖ ሬሳውን ያነሣው ይተነፍስ እንደሆነ ሊያይ መሆኑን ደጋግሞ ነገራት። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተወሰነም።

«እህቴ፣ እዚህ ቢያስሩኝ ግድ የለም» አላት። «ወደ አመለጥኩበት ከመለሱኝ ግን ከኤርፖርቱ በሕይወት አልወጣም።»

ራኬብን የከነከናት አንድ ነገር ነበር። የሟቹ ቡት ክሩ ጥብቅ ተደርጎ እንደታሰረ እግሩ ላይ ነው። ሱቋ ድረስ ሄዳ እትዬ አፀደን ጠየቀቻት።

«ሽፈራው? በጫማ? እኛን እያስወለቀ?» አለች እትዬ አፀደ። «የለም፣ ተሳስተሻል ልጄ። እግራችንን ያ መርዘኛ ሐረግ እንዳይነካን እንኳ ሁልጊዜ ቀድሞን ወርዶ መንገዱን በመቀስ የሚያጸዳልን እሱ ነው።»

ራኬብ ግን ሬሳው የተገኘ ዕለት ሐረጉ የመውረጃውን መንገድ ሞልቶት በዓይኗ አይታዋለች። ያን ቀን ማንም አልቆረጠውም።

አሸብርን ቤቱ አገኘችው። ሚስቱ ስንታየሁ በገና በዓል ሰሞን ስለሞተችበት አሁንም ጥቁር እንደለበሰ ነው። ዝናቡን ወፍጮ ቤቱ ጥግ እንዳሳለፈና ወደ ምንጩ ጭራሽ እንዳልወረደ በትሕትና አስረዳት። እያወራም አንዱን እግሩን በሌላው ይፈትግ ነበር።

በመጨረሻ ያነጋገረችው የሟቹን ሚስት አረጋሽን ነበር። እሷ ብዙ ካለቀሰች በኋላ፣ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት። ምንጩ ተራ ውሃ ነው። ፈውሱን የፈጠረው ሽፈራው ራሱ ነው፤ ጨዋታው እንዲያምርለት ብሎ። ከገና ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ የዚያን ቅዳሜም «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» ብሏት ነው የወጣው።

ራኬብ አለቃዋን ለምና ሦስቱንም፣ አረጋሽንም ጨምራ፣ ወደ ጫካው ወሰደቻቸው። አብዱ በካቴና ነው። ሐረጉን ፖሊስ ጠራርጎታል። አፋፉ ላይ ሲደርሱ «እንውረድ» ብቻ አለች። እትዬ አፀደ ማንም ሳያዛት ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። አብዱ ሙስሊም ነው፤ ድሮም አያወልቅም፣ በቡቱ ወረደ። አሸብርም ከነጫማው ተከተለው።

«ጋሽ አሸብር፣ ጫማዎን አያወልቁም?»

«ለዚህ ውሃ?» አለ አሸብር፤ ወዲያው አፉን ገጠመ።

ራኬብ ወደ እሱ ዞረች። «እትዬ አፀደ ዛሬም አወለቁ፤ ምክንያቱም ጸበል ነው ብለው ያምናሉ። ሽፈራው ግን ያን ቀን አላወለቀም። ውሸቱን ሊያቆም ወስኖ ነበር። ለዚህ ነው ሐረጉንም ያልቆረጠው፤ ከዛሬ ወዲያ ማንም በባዶ እግሩ አይወርድም ብሎ ነው። ይኼን ለሚስቱ ብቻ ነው የነገራት፣ እሷም ለእኔ ብቻ። ሶ፣ ጸበል አለመሆኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለ፣ ከራሱ ከሽፈራው የሰማ ነው። ያን ቀን። እዚሁ።»

«ሐዘንተኛ ሰው ጫማ ማውለቅ ቢረሳ ገዳይ ይባላል?»

«እንግዲያው እግርህን አሳየኝ» አለች ራኬብ። ስትናደድ «እርስዎ» ማለት ይጠፋታል።

አሸብር ቆይቶ ቆይቶ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ። ከጣቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ በቋጠረ ቁስል ተሸፍኗል።

«የሁሉንም ቼክ ማድረግ እችላለሁ፣ ግን አያስፈልግም» አለች። «የእትዬ አፀደ ያው እያየነው ነው፣ ደህና ነው። እሳቸው ዝናቡ ካባራ በኋላ አብዱን ከላይ ሆነው ስላዩት ሐረጉ ጋ አልደረሱም። አብዱ ቡት አድርጎ ነበር። አንተ ግን እንደ ልማድህ አወለቅህና በዶፉ መሃል ሐረጉን ሳታስተውል ከሱ ጋር ወረድህ። ሲነግርህ ባዶ እግርህን ነበርክ። ደሙን ዝናቡ አጠበልህ፤ የእግርህን መርዝ ግን አላጠበልህም።»

አሸብር መሬት ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ውስጥ ንዴት አልነበረም። ስንታየሁ የስኳር በሽተኛ ነበረች አለ። ከዚህ እየቀዳ በጋሎን ይወስድላት ነበር።

«‹መርፌው እምነትሽን ያጎድልብሻል› ብዬ ከእጇ የቀማኋት እኔ ነኝ። ሽፈራው እዚህ አምጥቶኝ ‹ለወሬ ማሳመሪያ ነው ያልኩት፣ ይቅር በለኝ› አለኝ። አለቀሰ። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሲታጠብ ድንጋዩን አነሣሁ።»

አረጋሽ ቀስ ብላ ጠጋ አለችው። «ይቅርታ ጠይቆህ ሳለ፣ አሸብር?»

«ይቅር ብዬው ቢሆን ኖሮ» አላት፣ «ስንታየሁን የገደልኳት እኔ ብቻ እሆን ነበር።»

ራኬብ የአብዱን ካቴና ፈትታ አሸብርን አሰረችበት።