የመቃብር ቀን

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ አውሎ ነፋስ መጣ። የቦዬውን ድጋፍ እንጨት ሰባብሮ ሐረጉን መሬት ላይ አነጠፈው። ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። በየአፈር ጉብታው ውስጥ የቀረው የቦዬ ሥር የልጅ ክንድ ሳያህል ደረቀ። የስቶኒ ጋፕ ሰው የተረፈችውን ሊቆፍር ሲወጣ ደግሞ ሌባ ቀድሞት አገኘ። ሌባው በጭነት መኪና ይመጣል፤ የአንድ ቤት የዓመት ልፋት ጭኖ ወደ ኪንግስተን ይወርዳል።

ለአካባቢው ፖሊስ አዲስ ሥልጣን ተሰጠ። ያለ ደረሰኝ የእርሻ ምርት ይዞ የተገኘን ሰው፣ ሲሰርቅ ባይታይም፣ ይዘው ማሰር ይችላሉ ተባለ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እሰይ» አለ። ግማሹ «ዛሬ ሌባውን፣ ነገ እኛን» አለ።

«እሰይ» ካሉት ፊተኛው የገበሬዎቹ ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሽ ኢዝራ፣ በአገሩ አጠራር ማስ ኢዝራ፣ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተነሥተው፣ «አንዲት ራስ ቦዬ እንኳ ያለ ወረቀት አትለፍ! የያዘችው ልጄም ብትሆን እሰሯት!» አሉ። ሰው አጨበጨበ። ተማሪዋ ኔሪሳም አጨበጨበች። የማስ ኢዝራ ልጅ ታሽና የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ «እሰሯት» ሲባል ታሽናን በክርኗ ጎሸም አድርጋ ሳቀችባት።

የኔሪሳ ወንድም ኬማር የተያዘው ከዚያ በኋላ፣ ረቡዕ ማለዳ ነው።

እሷ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ ከጎኑ ትሄድ ነበር። እሱ ጆንያ ተሸክሟል። የፖሊስ መኪና ከኋላ ደርሶ ቆመ።

«ምንድን ነው ጆንያው ውስጥ?» አለ አስር አለቃ ግሬንጅ፣ በመስኮት።

«የቦዬ ራስ ነው ጌታዬ። ዘር። እንትከለው ብለን።»

«ደረሰኝ?»

ኬማር ሳቀ። ያችን ሳቅ ባይስቅ ኖሮ ምናልባት ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። በስቶኒ ጋፕ ለቦዬ ራስ ደረሰኝ የሚጽፍ የለም። ራስ አይሸጥም። ዘር ያለቀበት ሰው ከጎረቤቱ ይወስዳል፣ ሲደርስለት ይመልሳል። ለቦዬ ራስ ወረቀት መጠየቅ እሳት ልትጭር የመጣችን ጎረቤት ወረቀት እንደ መጠየቅ ነው። አስር አለቃው ግን የከተማ ሰው ነው።

«ምን ያስቅሃል?» ብሎ ወረደ።

«ይቅርታ ጌታዬ። ራስ እኮ ነው! ትናንት ማታ ማስ ኢዝራ ናቸው የሰጡን። ይጠይቋቸው።»

«እጠይቃለሁ። እስከዚያ ግባ።»

«ምን አድርጌ?»

«ምንም አላደረግህ ይሆናል። እስካጣራ ድረስ ግን ልይዝህ እችላለሁ። ግባ ብያለሁ!»

ኬማር አልገባም። አልሸሸም፤ ዝም ብሎ ቆሞ ቀረ። ሁለተኛው ፖሊስ ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ፊቱን ከመኪናው በር ጋር አጋጨው። ጆንያው ወደቀ፤ የቦዬው ራሶች መንገዱ ላይ ተንከባለሉ። ኔሪሳ ልትለቅም ጎንበስ አለች።

«አትንኪ! ማስረጃ ነው!»

ኬማር አፍንጫው እየደማ፣ «ሂጂ ለእማ ንገሪ። ማስ ኢዝራ መጥተው ያስወጡኛል» አላት።

ከሰዓት በኋላ ከእናቷ ከሚስ ክላሪስ ጋር ጣቢያ ሄዱ። አስር አለቃው እንዲቀመጡ ወንበር ሰጣቸው። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ደክሞታል እንጂ።

«ጠየቅኋቸው» አለ። «ለማንም ምንም አልሰጠሁም ብለዋል።»

ኔሪሳ ከወንበሯ ተነሣች። «ውሸት ነው! እዚያው ነበርኩ! የጆንያውን አፍ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ!»

«አንቺ እህቱ ነሽ። እህት ለወንድሟ ሌላ ምን ትላለች? ሌላ ያየ ሰው ካለ አምጪልኝ፤ ዛሬውኑ እፈታዋለሁ። ከሌለ ሰኞ ፍርድ ቤት ነው።»

ኔሪሳ ደስ አላት። ሌላ ያየ ሰውማ አለ። ማክሰኞ ማታ ማስ ኢዝራ ራሶቹን አንድ በአንድ እየመረጡ ጆንያው ውስጥ ሲከቱ የእጅ ባትሪውን ያበራችላቸው ታሽና ናት።

ታሽና በማግስቱ ጠዋት ከሷ ጎን አልተቀመጠችም። በእረፍት ሰዓት ኔሪሳ ውኃው ቧንቧ ጋ አገኘቻት።

«ታሽ፣ ከትምህርት በኋላ ጣቢያ እንሂድ። ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ምን ልናደርግ?»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? ኬማር እኮ ታስሯል። አባትሽ የቦዬውን ራስ ሲሰጡን አብረን አልነበርንም?»

ታሽና ጫማዋን አየች። «እኔ ምንም አላየሁም።»

«ምን አልሽ?»

«ጨለማ ነበር።»

«ባትሪው በእጅሽ እያለ?»

ውኃ ለመቅዳት የተሰለፉት ልጆች ዞር ዞር አሉ። አንዷ፣ «ኧረ ኬማር ሲሰርቅ የከረመው ድንጋይ ነው መሰለኝ፤ ያን ሁሉ ጡንቻ በምን አመጣው» ብላ አሳቀች። ኔሪሳ አልሰማቻትም።

«በናትሽ ተይኝ ኔሪ» አለች ታሽና በለሆሳስ። «አባቴ ነው። አንቺም አባት ቢኖርሽ…»

አልጨረሰችውም። አፏን በእጇ ያዘች። ኔሪሳ ግን ሰምታለች። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አንድ ማንጎ በሁለት ጫፍ የላሱ ልጆች ናቸው። ስለ አባቷ ሞት ከታሽና በቀር ለማንም አውርታ አታውቅም። ጆጎዋን ሳትሞላ ሄደች።

አርብ ዕለት እናቷ ጨው እንድትገዛ ሱቅ ላኳት። በሚስ ኡና ሱቅ በረንዳ ላይ ክርክሩ ጦፏል።

«እኔ ትናንት ከሚስቴ ጓሮ ባሚያ ቆረጥኩ» ይላሉ ማስ ክሊቭ። «ከመውጣቴ በፊት ደረሰኝ ጻፊልኝ አልኳት። በመጥረጊያ ጻፈችልኝ። ጀርባዬ ላይ ነው፣ ፖሊስ ከጠየቀኝ ሸሚዜን አወልቃለሁ!»

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። አንድ ታክሲ ነጂ ግን አልሳቀም። «ሰኞ ሌሊት የቦዬ ጭነት ጣቢያው ደጃፍ ሲያልፍ ዐይቻለሁ። ማንም አላስቆመው።»

«ደረሰኝ ይኖረዋላ!»

«ደረሰኝማ ሌባም ይጽፋል። እጁ አልተቆረጠ።»

«እናንተ ቀልዱ» አሉ ሚስ ኡና ከሱቃቸው ውስጥ። «ሁለቴ የተዘረፍኩት እኔ ነኝ። አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ እንቅልፍ እተኛለሁ። ሌባው እስኪያልቅ አንድ ሁለት ንጹሕ ሰው ቢጉላላስ…» ኔሪሳን ድንገት አዩዋት። «ውይ የኔ ልጅ። ስለ ኬማር ማለቴ አይደለም።»

«ስለ ማን ነው ታዲያ ሚስ ኡና?»

ሚስ ኡና ጨውዋን ከሚገባት አብዝተው ሰፈሩላት። ማስ ክሊቭ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ እያዞሩ፣ «ነገ ማታ የፖሊሱ አዛዥ ትምህርት ቤቱ ይመጣል» አሏት። «ሰው ሁሉ ባለበት ቅሬታ እሰማለሁ ብሏል። ኢዝራም መድረክ ላይ ነው የሚቀመጠው። አፍ ያለው ይናገር።»

ማታ ኔሪሳ ለእናቷ ነገረቻቸው። «ተነሥቼ እናገራለሁ። ሰው ሁሉ ፊት ስጠይቃቸው ይክዱ እንደሁ አያለሁ።»

ሚስ ክላሪስ ልብስ ማጠፋቸውን አላቋረጡም። «አትናገሪም።»

«እማ! ኬማር እስር ቤት ነው!»

«የኔስ ልጅ አይደለም? ግን ቀኑን የተበደሩትን ሰው ሳይመልሱለት አደባባይ ላይ አይከሱም። የአባትሽን ጉድጓድ ማን እንደ ቆፈረ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። በስቶኒ ጋፕ ሰው ሲሞት ጎረቤት ነው የሚቆፍረው። አባቷ ካልቪን የሞተ ጊዜ ከአፈሩ ሥር ድንጋይ ወጣ። ሌሎቹ ቀትር ላይ ተስፋ ቆርጠው ተቀመጡ። ማስ ኢዝራ ብቻቸውን ፀሐይ እስክትጠልቅ በዲጅኖ ፈለጡት። ያ ቀን ወንፈል ነው። በምግብ አይከፈል፣ በምስጋና አይከፈል፤ ቀን በቀን ነው የሚመለሰው። ኬማር ጉልበት ካወጣ ጀምሮ ሊመልስ ደጋግሞ ጠይቋል። ማስ ኢዝራ ሁልጊዜ፣ «ስፈልግ እጠራሃለሁ» ነበር የሚሉት። አልጠሩትም።

ኔሪሳ ከተኛች በኋላ በአዳራሹ ያጨበጨቡትን ሰዎች አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ለዚህኛው ቤቱ ሲሠራ ማስ ኢዝራ ቀን ሰጥተውታል። ያኛው በሬው ገደል ሲገባ ቀን ሰጥተውታል። ከማናቸውም ቀኑን አልጠሩም፤ ስለዚህ በሳቸው ላይ አፍ የሚከፍት የለም። ደግ ናቸው ይባል ነበር። እሷም ትል ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የአባቷን ዶማ ይዛ የማስ ኢዝራ ማሳ ላይ ነበረች። አውሎ ነፋሱ ያፈረሰውን ጉብታ ከጥግ ጀምራ ማንሣት ያዘች። አፈሩ እንደ ጡብ ደርቋል። ማስ ኢዝራ ሲደርሱ ሁለተኛውን ጨርሳለች።

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ወደ ቤትሽ። ስፈልግ ወንድምሽን እጠራዋለሁ።»

«ዶማ ይዞ የመጣ ሰው ይመለሳል እንዴ ማስ ኢዝራ?»

ሊመልሱ ሲሉ በላይኛው መንገድ ሁለት ገበሬዎች አለፉ። «ኢዝራ፣ ሠራተኛ አገኘህ እንዴ! የማን ቀን ነው?» አለ አንዱ።

«የአባቴ» አለች ኔሪሳ።

ሰዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማስ ኢዝራ ዶማቸውን አንሥተው በወዲያኛው ጫፍ መቆፈር ጀመሩ።

ቀትር ላይ ታሽና ተጠብሶ እንደ ዳቦ የሚበላ የዛፍ ፍሬና በጨው የደረቀ ዓሣ ይዛ መጣች። የኔሪሳ መዳፍ ተልጦ ደምቷል። ታሽና የራስ ሻሿን ፈትታ ዘረጋችላት፤ ኔሪሳ አልተቀበለቻትም። ምግቡን ግን በላች። የባለቤቱ ምግብ ያልተበላበት ቀን አይቆጠርም።

«ትጠይኛለሽ?»

«እየበላሁ ነው።»

«ትናንት ለአባቴ ነገርኩት። እንናገር አልኩት። አዛዡ ፊት ምን ልበል፣ እሰሩ ያልኩት እኔ አይደለሁም ወይ አለኝ። አለቀሰ ኔሪ። ሲያለቅስ ዐይቼው አላውቅም።»

«ኬማርም አልቅሶ ይሆናል። እንድናየው አልፈቀዱልንም።»

ታሽና ሳህኑን አንሥታ ሄደች። ኔሪሳ ጀርባዋን እያየች ጮሃ ልትጠራት ፈለገች። በዚያው ልክ ጓል አንሥታ ልትወረውርባት ፈለገች። ዶማዋን አነሣች።

ከሰዓት በኋላው ረጅም ነበር። ጉብታዎቹን መቁጠር ተወች። የፀሐይዋ ጫፍ ኮረብታው ላይ ሲያርፍ ማሳውን አቋርጣ ማስ ኢዝራ ፊት ቆመች። ባለ ማሳው ተቀብያለሁ እስኪል ድረስ ቀኑ አልተመለሰም። እሳቸውም ያውቁታል። ላባቸውን ጠረጉ። ጉብታዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ የሚነቀፍ የፈለጉ ይመስላል።

«ማታ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ።»

«እዚያ የሚመጣው ሰው ከፖሊስ ጋር ነው። ይጮኽብሻል።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም ተነሥቼ አልሰጠሁም ብልስ?»

«ፊቴን እያዩ ይበሉት።»

ከታች፣ ከትምህርት ቤቱ፣ የድምፅ ማጉያ ሲሞከር ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት ይላል። ማስ ኢዝራ ወደዚያ ዞሩ። ኔሪሳ አልተነቃነቀችም። ዶማዋን ተደገፈች።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የካልቪን ቀን ገብቷል፤ ተቀብያለሁ» አሉ፣ በጭንቅ። «ከእንግዲህ አንዳች አልጠይቃችሁም።»