ከበረዶው የተረፈው ማናሴ

ማናሴ በደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ከተማ አጠገብ ባለው የጥቁሮች ሰፈር በቶኮዛ ሎኬሽን፣ ከቤተሰቡ ስፓዛ ሱቅ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ኩርምት ብሎ ሞቶ ተገኘ። የወረርሽኙ ሁለተኛ ክረምት ነበር። የደቡቡን ባሕር ዳርቻ የመታው የበረዶ ውሽንፍር መንገዶችን ዘግቶ፣ ቅዝቃዜውን እስከ ጆበርግ ልኮታል። ማናሴ ወደ ባሕር ዳርቻው የወረደው ኮሮና የገደለውን ታናሽ ወንድሙን ሊቀብር ነው። ውሽንፍሩ ከጀመረ ወዲህ ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

ፖሊሶች «ብርድ ገደለው» ብለው ሬሳውን አነሡ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ግን ነገሩ አልዋጥላቸው ቢል፣ ከስደቱ በፊት በሐዋሳ ወንጀል መርማሪ የነበረውን መርዕድን አስጠሩ።

መርዕድ መጀመሪያ ያየው የዕቃ ቤቱን በር ነው። ቆርቆሮው ከውስጥ በኩል ተመትቶ ወደ ውጭ ጎብጧል፤ ጠርዙ ላይ ደም ደርቋል።

«ያገኘኸው አንተ ነህ?» ሲል የሱቁን ሻጭ ዱካሞን ጠየቀው።

«አዎ፣ ጋሼ። ጠዋት የማናሴ ወንድም ሽጉጤ ሱቁን ሲከፍትልኝ ዕቃ ላወጣ ሄድኩ።»

«ሲከፍትልኝ?»

«ሌባ ስለምንፈራ ማታ ከውጭ ይቆልፍብኛል። እዚያው ነው የምተኛው።»

«የዕቃ ቤቱስ በር?»

«ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። ስከፍተው…» ዱካሞ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

የሟች ሚስት ፊቤ በቀዶ ጥገና ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው። ባሏ ያላያትን ሕፃን ታቅፋ፣ ከሽጉጤ ጋር በሚኖሩበት ከሱቁ ጎን ባለው ቤት ተጋድማለች።

«ሌሊት የሰማሽው ነገር አለ?»

«ነፋስ» አለች ቀና ሳትል። «ቆርቆሮውን ሲያንገጫግጭ ያደረ ነፋስ።»

የሟች ታላቅ ወንድም ሽጉጤ መርዕድን እስከ ጓሮው ተከተለው። «መምጣቱን ማናችንም አላወቅንም፣ ጋሽ መርዕድ። እንዳይቀሰቅሰን ብሎ እዚያ ገብቶ ይሆናል። በዚያ ሳሉ ላይ ብርዱ ተጨመረበትና…»



የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲመጣ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ቤተሰቡና ሁለት ፖሊሶች ፊቤ አልጋ ዙሪያ ተሰበሰቡ።

«ሰው ውስጥ ሆኖ ከውጭ አይቀረቅርም» አለ መርዕድ። «በሩም የተደበደበው ከውስጥ ነው። ስለዚህ ማናሴን በሕይወት ሳለ የዘጋበት ሰው አለ። ዱካሞ ሱቅ ውስጥ ተቆልፎበታል። ፊቤ ያለ ደጋፊ ከአልጋ አትወርድም። ሽጉጤ፣ ወንድምህ ከዚህ ሲሄድ ጤነኛ ነበር፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም። ማሳሉን ማን ነገረህ?»

ሽጉጤ ተንበረከከ።

«አንዱን ወንድሜን ኮሮና በላብኝ! ይኼኛው ደግሞ እያሳለ መጥቶ ‹ልጄን ልቀፍ› አለኝ። እስኪነጋ ብቻ ብዬ ነው የዘጋሁበት።»

«በሩን ሲደበድብ አልሰማህም?»

«ሰማሁ። ሲተወው ጊዜ… እንቅልፍ ወሰደው ብዬ አመሰገንኩ።»

መርዕድ ቃሉን ለፖሊሶቹ በእንግሊዝኛ ተረጎመላቸው። ከዚያ ወደ ሽጉጤ ጎንበስ አለ።

«ሬሳው ተመርምሯል። ኮሮና አልነበረበትም።»

ሽጉጤ እጁ ሲታሰር እንኳ ቀና አላለም። ይዘውት ሊወጡ ሲሉ ፊቤ ተናገረች።

«በስሜ ሲጠራኝ ሰምቻለሁ። ሽጉጤ ‹ነፋስ ነው› ሲለኝ፣ እንዳልሆነ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ለልጄ ፈራሁ። እኔንስ አትወስዱኝም?»

«ምን አለች?» ሲል አንዱ ፖሊስ መርዕድን ጠየቀው።

«ሐዘን ነው» አለው።

ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። መርዕድ ወደ ፊቤ ዞረ፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም።

«አጥቢያት» ብሏት ወጣ።