የአራዳው ቦይና የከሪማ አህያ

የከሪማ ሦስት አህዮች እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ከቦዩ ዳር፣ እግራቸውን ዘርግተው ተገኙ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ነበር። ከሪማ ራሷን ይዛ ትጮኻለች። በእነዚህ አህዮች ውሃ እያመላለሰች ነው ልጆቿን የምታሳድገው።

«ገደሉብኝ! መርዝ አጠጥተው ገደሉብኝ!»

የአራዳው ዘበኛ ካሣሁን ዱላውን በብብቱ ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ። ነፍሱን ይማርና፣ ካሣሁን ሰው ሲጮህ ዝም የሚል፣ ሰው ሲሮጥ የሚቀመጥ ሰው ነበር። አሁንም ከትልቋ አህያ፣ ከሻሼ፣ ራስጌ ቁጢጥ አለ። እጁን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋ።

ሻሼ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ካሣሁንን አየችው። ከዚያ ስቅ አላት።

«ከሪማ፣ አህያሽ አልሞተችም» አለ። «ሰክራለች።»

«አስተግፊሩላህ! እኔ ቤት የሚያሰክር ነገር ገብቶ አያውቅም! አባቴም አያቴም አልቀመሱም!»

«ያንቺን አያትማ አውቃቸዋለሁ። የሷን ግን እንጃ።»

የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከሪማም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ከአንድ ወር በፊት ገበያው መሃል ነጋሪት ተጎስሞ፣ በሕዝብ ቦይ የሚፈሰውና የማይፈሰው ተለይቶ ነበር። የዝናብ ውሃና የእጅ እጣቢ ይፍሰስ። ደም፣ ፈርስ፣ የቆዳ ማልፊያ፣ አተላና ማናቸውም መጠጥ ግን አይፍሰስ፤ ከታች ያለው ሰው ከብቱን ያጠጣበታልና። ይህን የተላለፈ ሰው ቤቱ ይታሸጋል።

የሰፈሩ ሹም በበቅሎ ደረሰ። አህዮቹን አየ። ዓይኑን በቦዩ ሽቅብ ላከ። መጀመሪያ ያገኘው የሙሉእመቤትን ጠላ ቤት ነው።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ከታች አህያ ሰክሯል፤ ከላይ ጠላ ቤት አለ። ይታሸግ!»

ሙሉእመቤት ባሏ የሞተባት፣ የአራት ልጆች እናት ናት። ጠላ የምትሸጥበትም፣ ልጆቿን የምታስተኛበትም ያችው አንዲት ክፍል ነች። ይህ ቃል ሲደርሳት ከደጃፏ ወጥታ ቆመች። ካሣሁንን ብቻ አየችው።

«ጌታዬ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይታገሡኝ» አለ ካሣሁን።

«እስከ ስድስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ማኅተሙን ይዤ እመጣለሁ።»

ካሣሁን ከሙሉእመቤት ጀመረ።

«እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት አተላ ደፍተዋል?»

«አተላ ይደፋል እንዴ? ላም ያለው ሁሉ እየተሻማ ነው የሚወስድልኝ። ምስጋና የማገኝበትን ነገር ለቦይ እሰጣለሁ?»

«ሹሙ ይህን አይሰማም።»

«አንተ ስማኝ!» ጎተተችውና ወደ ቦዩ ወሰደችው። በጋ ስለነበር ቦዩ ውስጥ የቀረው ቢጫ ኩሬ ብቻ ነው። ጣቷን ነክራ አሸተተች። «የጠላ አተላ ቢሆን የእህሉ ገለባ ይታይ ነበር። ይሄ ጠጅ ነው። ንቦቹን አታይም?»

እውነትም ንቡ ኩሬውን ወርሮታል።

«ጠጅ!»

«ጠጅ። ደግሞም ጠጅ አይደለም።»

«እትዬ፣ ስድስት ሰዓት እየደረሰ ነው፤ እንቆቅልሹን ይተዉት።»

«ያልጠለለ ጠጅ ሲደፋ ሰፈፉ ይንሳፈፋል። ሰም ነው፤ የትም አይሄድ። እስቲ አንዲት ቅንጣት ሰፈፍ አሳየኝ።»

ካሣሁን ተንበርክኮ ፈለገ። ንቦቹ ጆሮው ላይ እየዘፈኑ ፈለገ። አንዲትም አላገኘም።

«ማር ሳይነካው ጠጅ ነኝ የሚል ጠጅ ነው» አለች ሙሉእመቤት። «በስኳር የተጣለ።»

ከእሷ ቤት በላይ፣ ቦዩን ተጎራብተው ሁለት ግቢዎች ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው የቆዳ ነጋዴው የሐጂ አብዱልሃኪም ነው። ከበላዩ ያለው የአቶ ፈቀደ ጠጅ ቤት ነው። ሰፈርተኛው ከሙሉእመቤት ቀጥሎ ያማው ሐጂን ነበርና ካሣሁን መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ገባ።

«ሐጂ፣ ሰው ስምዎን እያነሳ ነው።»

«ያንሳ! አፍንጫ ያለው ሁሉ ያነሳኛል። እኔ ግን ቆዳ ገዝቼ፣ ጨው ነስንሼ፣ ጠቅልዬ እልካለሁ እንጂ አላለፋም። ደግሞ የቆዳ ውሃ ጠጥተው ቢሆን አህዮቹ ያለቅሱ ነበር እንጂ እንዲህ ይንፈላሰሱ ነበር?»

ካሣሁን ሊወጣ ሲል ግድግዳው ሥር የተከመረው ጥቅል ላይ ዓይኑ አረፈ። ጉንዳን በሰልፍ ይወጣበታል።

«ሐጂ፣ ጉንዳን የጨው ቆዳ ይበላል?»

«ቆዳውን መች ፈለገ! ጆንያውን ነው። ለመጠቅለያ አሮጌ ጆንያ እገዛለሁ። ባለፈው ሳምንት ከፈቀደ አሽከር ስድስት ገዛሁ፤ የስኳር ነበር። አራግፌውም ይኸው ጉንዳኑ አለቅም ብሎኛል።»

«ከማን አሽከር አሉኝ?»

«ከፈቀደ። ምነው፣ ጆንያ መግዛትም ተከለከለ?»

አቶ ፈቀደ ካሣሁንን በሩ ላይ ተቀበለው። ሆዱ ቀድሞት የሚወጣ፣ ከመናገሩ በፊት የሚስቅ ሰው ነው።

«ጠጅዎን በምን ነው የሚጥሉት?»

«በምን? በማር ነዋ! ስኳር የሚሉት ነገር ከዚህ ደጃፍ አልፎ አያውቅም።»

«ጋኖቹን ልያቸው?»

«በጭራሽ! የሰርግ ጠጅ ነው፤ ከትልቅ ሰው ቤት ማሩን አምነው ሰጥተውኛል። እየበሰለ ሳለ የባዕድ ዓይን ካየው ይበላሻል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይልቅ ያችን ጠላ ሻጭ ቶሎ አሽጉልን። ቦያችንን አረከሰችው።»

በሩ ተዘጋ። ካሣሁን ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። አምስት ሰዓት አልፏል። በስድስት ባዶ ጆንያ የሹሙን ማኅተም ማቆም እንደማይችል ያውቃል። ፈቀደ «አሽከሬ ከየትም አምጥቶ ሸጠው» ካለ ነገሩ ያበቃል።

እያዘነ ቁልቁል ሲወርድ ሻሼ ተነሥታ አገኛት። አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ሁለት ወደጎን ትሄዳለች። ከሪማ ጆሮዋን ይዛ ትመክራታለች።

ካሣሁን ቆመ። ከዚያ ብቻውን ሳቀ። ወገቡን የታጠቀበትን ድግ ፈትቶ ሻሼን ወገቧ ላይ አሰራት፤ ጫፉን ያዘ።

ያየ ሁሉ ገባው። ሌባሻይ ከቀረ ብዙ ዓመት አልሆነውም። ዕቃ ሲሰረቅ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና፣ ወገቡን በድግ ታስሮ፣ እየተንገዳገደ ሰፈር ለሰፈር ይመራል። ገብቶ የተኛበት ቤት ጌታ ሌባው ነው ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው ተከሶበታል! አዋጁ ሌባሻዩን አስቀረው፤ ፍርሃቱን ግን አላስቀረውም።

«ጋሼ ካሣሁን» አለች ከሪማ፣ «ሌባሻይ እኮ ተከልክሏል።»

«አህያ መንዳት ግን አልተከለከለም።»

ሻሼ ሽቅብ ጉዞ ጀመረች። ከኋላዋ ካሣሁን፣ ከካሣሁን ኋላ ከሪማ፣ ከከሪማ ኋላ የአራዳ ሥራ ፈት በሙሉ። ሹሙም ማኅተሙን ይዞ ደርሶ ነበርና በበቅሎው ሆኖ ተከተለ።

ሻሼ ከሙሉእመቤት ደጃፍ ቆመች። አህያዋ አንገቷን ወደ ቤቱ አስገባች፣ አሸተተች፣ አነጠሰች።

«ይማርሽ!» አለ አንዱ።

አለፈች።

ከሐጂ ደጃፍ ደረሰች። ሐጂ አብዱልሃኪም እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«እለፊ ልጄ፣ እለፊ» አሏት። «እዚህ የወገኖችሽ ቆዳ የለም፤ የፍየል ብቻ ነው።»

አለፈች።

ከፈቀደ ግቢ ጓሮ፣ ቦዩ ከአጥሩ ሥር ከሚወጣበት ዘንድ፣ ሻሼ አፍንጫዋን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች። ሸትቷት ይሁን ደክሟት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እግሯን አጠፈችና ከጓሮው በር ላይ ዘፍ ብላ ተኛች።

ከበሩ ጀርባ አንድ ድምፅ ጮኸ።

«ጋኑ ተሰብሮብኝ ነው! በሥላሴ! ጋኑ ተሰብሮብኝ ነው እንጂ አልደፋሁም! ያችን አህያ አንሡልኝ!»

ካሣሁን ድጉን ለቀቀ።

«አቶ ፈቀደ፣ ስለተሰበረ ጋን ማን ጠየቀዎት?»

ሹሙ ከበቅሎው ወረደ። «ክፈት!» አለ። በሩ ተከፈተ። ሦስት ትልልቅ ጋኖች ታጥበው በአፋቸው ተደፍተዋል። ካሣሁን አንድ በአንድ በጣቱ አንኳኳቸው። ሦስቱም እንደ ደወል ጮኹ።

«የተሰበረው የትኛው ነው?»

ፈቀደ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሳቁ የት እንደገባ ጠፋ፤ ነገሩን ሁሉ ተናዘዘ። የተሰጠውን ማር ገበያ አውጥቶ ሸጦታል። ጠጁን በስኳር ጥሎታል። ዛሬ ጠዋት ግን የሰርገኞቹ ጠጅ ጣይ ልትቀምስ እንደምትመጣ ጎህ ሲቀድ ሰማ። እሷ አንድ ጊዜ ስትጎነጭ እንደምታውቅበት ስለገባው ሦስቱንም ጋን ቦዩ ውስጥ ለቀቀ። ከታች ጠላ ቤት ስላለ ሰው ሁሉ ወደ ሙሉእመቤት ያያል ብሎ ነበር።

«ለሴትዮዋስ አላዘንክም?» አለው ሹሙ።

«ጌታዬ፣ እኔ ያሰብኩት ጋኑን ባዶ ስለማድረግ ብቻ ነው። አህያ ይጠጣዋል ብዬ አላሰብኩም።»

ማኅተሙ የፈቀደ ጠጅ ቤት በር ላይ ተመታ። የማሩን ዋጋ ለባለቤቶቹ እንዲመልስ፣ ቦዩንም ከበሩ ጀምሮ እስከ እሪ በከንቱ በገዛ እጁ እንዲጠርግ ተፈረደበት። ሲጠርግ ሰፈሩ ዳር ቆሞ አጨበጨበለት። ሙሉእመቤት ውሃ ጠማው ብላ በቅል ጠላ ሰጠችው። ጠጥቶ ሲያበቃ «ጥሩ ነው» አላት አንገቱን ደፍቶ። «እህል ነዋ» አለችው።

ካሣሁን ሸምግሎ ሲሞት ቀብሩ በዚያው መንገድ አለፈ። ቄሶቹ ለፍትሐት አስከሬኑን ከሚያሳርፉባቸው ቦታዎች አንዱ፣ ማንም ሳያስበው፣ የፈቀደ አሮጌ የጓሮ በር ዘንድ ሆነ። ያረጀችው ሙሉእመቤት እንባዋን ስታወርድ ቆይታ ድንገት በሩን አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«ካሣዬ» አለች፣ «አንተም እዚሁ መጥተህ ተኛህ?»

ከአጠገቧ የነበረችው ከሪማ ሰማቻት። ሁለቱ ባልቴቶች ተደጋግፈው፣ በለቅሶው መሃል፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከሩቅ ያያቸው ሰው «እንዴት አምርረው ያለቅሳሉ!» አለ።